የጽሕፈት ቤቱ መኪና

ሰኞ፣ 4

ወሩን አልጽፍም። የወሩ ስም በየትኛው ‹‹ሀ›› እንደሚጀምር አላውቅም። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያላቸው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ከሦስቱ ማንኛው ለየትኛው ቃል እንደተዳረ ገና አላጠናሁም። ልጄን ብጠይቃት ትነግረኛለች። አልጠይቃትም።

ዛሬ ራት ላይ ልጄ የምትሠራበት ስፌት ቤት በወሩ መጨረሻ እንደሚዘጋ ነገረችኝ። ሌላ ከተማ ያለችው የአክስቷ ልጅ ትልቅ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቦታ አግኝታላታለች። በአውቶቡስ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው። ሁሉንም ተናግራ ስትጨርስ፣ ‹‹ምን ትያለሽ፣ እማዬ?›› አለችኝ።

‹‹ምን እላለሁ? ሂጂ እንጂ። ማን ያዘሽ?›› አልኳት።

ሳህኗን አንስታ ልታጥብ ሄደች። ሌላ ጨዋታ አላነሳንም።

እኔ እንደሆነ ምንም አይጎድልብኝም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የደረሰች ሴት ናት። ሁለት ክፍል ለአንድ ሰው ቤተ መንግሥት ነው። የክር ቁራጭ ከምንጣፉ ላይ መልቀም ይቀርልኛል። ከእንግዲህ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ እግሬን መርፌ አይወጋኝም። እነዚህን ሁሉ አሰብኩ፤ ጥሩ ጥሩ ነገሮች ናቸው።

ረቡዕ፣ 6

ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ባልዲ ሥሩ አኖርኩ። ልጄ ‹‹ከመሄዴ በፊት አስጠግንልሻለሁ›› ብትለኝ፣ ‹‹አንቺ ሂጂ፣ ጣሪያው የእኔ ነው›› አልኳት።

ቀኑን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ሲል ዋለ። እኛ ግን ጠብ የለንም። ጠብ ቢኖረንስ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ያነጋግራል።

አርብ፣ 8

የልጄ የሥራ ጓደኛ መጥታ ነበር። ዘፋኟ ነው የምላት፤ ቁልፍ ስትተክልም ታዜማለች። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። ጆሮ የምጥል ሴት አይደለሁም፤ መጋረጃው ነው ቀጭን የሆነው። ዘፋኟ ‹‹ታዲያ ለምን አትቀሪም?›› አለቻት። ልጄ፣ ‹‹ምን ይዤ እቀራለሁ?›› አለች። ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የተቀረውን ሳልሰማ ቀረሁ።

ምን ይዤ አለች። እውነቷን ነው። ስፌተኛ ያለ መኪና ምን ይዛ ትቀራለች? አሥራ ሁለት ዓመት የሰፋችበት መኪና የሰው ነው። እኛ ቤት መኪና ማለት የስፌት መኪና ነው። ሌላው መኪና በመንገድ ያልፋል፣ ጭቃ ይረጫል፣ እኛን አይመለከተንም።

አንድ መኪና ብቻ። አንድ መኪና ይቺን ልጅ ያስቀራታል። እኔ ትቅርልኝ ማለቴ አይደለም። ለእሷ ብዬ ነው።

ማክሰኞ፣ 12

የጡረታ ወረቀቴ ላይ ማኅተም ጎድሏል ተብዬ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያጸዳሁት ቤት ነው። ደረጃው አያምርም። አዲሷ ጽዳት ውሃ አፍስሳ መሃል መሃሉን የምትጠርግ ዓይነት ናት። ምንም አልተናገርኳትም። ሳልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ‹‹ጥጉ›› አልኳት።

በሩ አጠገብ በመስታወት የተከደነ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ያንን መስታወት በየጠዋቱ ስወለውል ኖሬያለሁ፤ ውስጡ ያለው ወረቀት ግን ለእኔ የዝንብ እግር ነበር። ዛሬ ቆሜ አነበብኩት። ሁለት ሰዎች መጥተው አንብበው ሄዱ፣ ሌሎች ሁለት መጥተው አንብበው ሄዱ፣ እኔ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ነበርኩ። ጨረስኩት ግን።

መሥሪያ ቤቱ ‹‹ያገለገሉ ንብረቶችን በግልጽ ጨረታ መሸጥ ይፈልጋል›› ይላል። መጀመሪያ ደንገጥ አልኩ። እኔም ያገለገልኩ ነኝ። እኔን ግን አንድ የምስጋና ወረቀት አስይዘው በበሩ ሸኙኝ እንጂ በጨረታ አላወጡኝም። ቢያወጡኝም ተጫራች የሚገኝ አይመስለኝም።

ተራ ቁጥር 1 ጠረጴዛ ነው። 2 እግሩ የተሰበረ ወንበር። 3 የብረት መደርደሪያ። 4 ላይ ስደርስ ጣቴ መስታወቱ ላይ ቆመ። ‹‹የጽሕፈት መኪና፣ ብዛት 6፣ ባሉበት ሁኔታ››።

ጽሕፈት የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። በዋናው በር ላይ በትልቁ ‹‹ጽሕፈት ቤት›› ተብሎ ተጽፏል፤ ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ ከያዝኳቸው ቃላት አንዱ ነው። እንግዲህ የጽሕፈት መኪና ማለት የጽሕፈት ቤቱ መኪና ማለት ነው፤ የጻፈው ሰው ቀለም ሊቆጥብ ‹‹ቤቱን›› ዘሎታል። ምናልባት በመንገድ የሚሄደው እንዳይሆን ብዬ ወደ ታች ተመለከትኩ፤ እሱማ ‹‹ተሽከርካሪ›› ተብሎ ለብቻው ተራ ቁጥር 9 ላይ አለ፣ ጎማ የለውም። ስለዚህ እነዚህ ድሮ ምድር ቤት የዘበኞችና የሾፌሮች ልብስ ይሰፋባቸው የነበሩት መኪናዎች ናቸው። ስድስት እንደነበሩ በዓይኔ ይታየኛል። ልጄ ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት ወጥታ እዚያ ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ትጠብቀኝ ነበር። እጇ ስፌት የለመደው እዚያ ነው።

አንዱን ስንመኝ ስድስት መጣ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድም ፊደል አልሳትኩም።

ረቡዕ፣ 13

በዝናብ የት ነበርሽ አለችኝ። ጡረታ አልኳት። ቀጥላ፣ ‹‹ስለ መሄዴ እኮ ገና ቁርጤን አላወቅኩም›› አለች። ልቤ ዘለለ። ግን ፊቴን ካየች ነገሩን ታውቅብኛለች፤ ስለዚህ ወደ ባልዲው ዞር ብዬ፣ ‹‹ምኑ ነው የሚያስቸግረው? ሂጂ›› አልኳት። ድንገት ስታየው ደስ እንዲላት ብዬ ነው።

ሐሙስ፣ 14

ፊደል ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጡረታ እንደወጣሁ፣ ጥቁር የሱፍ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በስፌት ጠመኔ ትጽፍልኝ ነበር። ስሳሳት ጨርቁን ታራግፈዋለች፤ ፊደሉ ሁሉ አቧራ ሆኖ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ‹‹እማዬ፣ ጭንቅላትሽ እኮ ድርብ ስፌት ነው፣ ምንም አያስገባም›› አለችኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። በአራተኛው ቀን ጨርቁን እኔው ዘረጋሁት።

ይህን ጨረታ ማንም ሳያነብልኝ፣ ማንም ሳይጽፍልኝ እጨርሰዋለሁ። ተምሬያለሁ ወይስ አልተማርኩም?

ቅዳሜ፣ 16

የጨረታ ሰነድ ገዛሁ። አራት ገጽ። ‹‹ተጫራቹ›› ይለኛል። ‹‹ጽዳቷ›› ከሚለው ይሻላል። ልጄ መጣች፤ ለዛሬ መጻፉ በቃኝ።

ሰኞ፣ 18

ዛሬ ንብረቱ የሚታይበት ቀን ነበር። የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ሰው ሁሉ ባለ ቁልፉ ይለዋል፤ ከወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ተንጠልጥሎ ገና ከደረጃው በታች ሲሆን ይሰማል። ሃያ ምናምን ዓመት አብረን ሠርተናል። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ሸሚዙ ግን በደንብ የተተኮሰ ነው። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

‹‹እሜቴ፣ ጡረታም ወጥተሽ መጋዘኔን ልትጠርጊ መጣሽ?›› አለኝ።

‹‹ተጫራች ነኝ። አክብረህ አናግረኝ።››

ተራ ቁጥር አራትን ነው የምፈልገው ስለው ግንባሩን ከስክሶ አየኝ። መጋዘኑ ጥግ ወሰደኝ። ስድስቱም በጥቁር ሸራ ተሸፍነው፣ በገመድ ታስረው፣ ቋጠሮው ላይ የቆጠራ ማኅተም ተደርጎባቸው ተደርድረዋል። ከፈለግሽ ኮሚቴውን ጠርቼ አንዱን ልፍታልሽ አለኝ። ኮሚቴው ከመጣ ወረቀት አንብቢ፣ እዚህ ፈርሚ ሊለኝ ነው። አያስፈልግም አልኩት። እጄ ዓይን አለው። በሸራው ላይ ዳሰስኩት። ብረት ነው፣ ከባድ ነው፣ ጎበጥ ያለ ነው። በጎኑ በኩል ሲነኩት የሚዞር ክብ ነገር አገኘሁ፤ መዘውሩ መሆኑ ገባኝ። ትንሽ አነሰብኝ፤ የድሮ ሥራ ነው ብዬ ተውኩት።

‹‹ለማን ነው?›› አለኝ ባለ ቁልፉ።

‹‹ለልጄ።››

‹‹ልጅሽ በዚህ ትሠራለች?››

‹‹ከልጅነቷ ጀምሮ።››

አላውቅም ነበር አለና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንደ ደህና ሰው ጉድለታቸውን ይነግረኝ ጀመር። ‹‹እውነቱን ልንገርሽ፤ ዛሬ ሪባን አይገኝላቸውም።››

‹‹ሪባን ገበያውን ሞልቶታል›› አልኩት። ‹‹ቀይ ብትል ቀይ፣ ሰማያዊ ብትል ሰማያዊ።››

‹‹ሰማያዊም አለ?›› ብሎ ተገረመ። ‹‹ሁለቱ ደግሞ ቁልፍ ጎድሏቸዋል።››

‹‹ቁልፍ መትከል የልጄ ሥራ ነው። ዓይኗን ጨፍና ትተክላለች።››

‹‹እንዲያ ከሆነ ይቺ ልጅ መሐንዲስ ናት በይኛ›› አለ። ‹‹ብቻ ዘንድሮ ሰው ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ሄዷል።››

‹‹ኮምፒዩተር የሰው ልክ ምን ያውቃል?›› አልኩት። ይሄኛው አሳመነው መሰለኝ፤ ወንበር በመሐረቡ ጠርጎ ተቀመጪ አለኝ። አልተቀመጥኩም። ስፌት የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ነው። ሰማያዊ ሪባን አይቶ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ 19

ዋጋዬን ጻፍኩ። በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ ይላል፤ በሁለቱም ጻፍኩ። ፖስታውን ካሸግኩ በኋላ ፈርሜያለሁ ወይስ አልፈረምኩም ብዬ ተጨነቅኩ። ቀደድኩት። ፈርሜ ነበር። ሌላ ፖስታ ገዛሁ።

ገንዘቡ ለቀብሬ ያስቀመጥኩት ነው። ሰው ሞቶ መንገድ ላይ አይቀርም፤ ለራሳቸው ጤና ሲሉ ይቀብሩኛል።

ሐሙስ፣ 21

ፖስታው ተከፈተ። ለተራ ቁጥር አራት የቀረብነው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና አንድ ወፍራም ጃኬት የለበሰ የብረታ ብረት ነጋዴ። ሰብሳቢዋ ወጣት ሴት ናት። የእኔን ወረቀት ስታነሳ እጅ ጽሑፌ ላይ ትንሽ ቆም አለች፤ ከዚያ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችው። በእጄ የጻፍኩትን ሰው በአደባባይ ሲያነበው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም።

አሸነፍኩ።

ስንወጣ ነጋዴው ተከተለኝ። ‹‹እማማ፣ እኔ ብረቱን በኪሎ አስቤ ነው። እርስዎ ማመልከቻ ሊጽፉበት ነው?››

‹‹አዎ›› አልኩት፣ ‹‹መጀመሪያ አንተን ልከስበት።››

ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ማመልከቻ በስፌት መኪና የሚጻፍ የሚመስለው ሰው ይህን ሁሉ ሀብት እንዴት አገኘው?

አርብ፣ 22

ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አወጣች። ባዶውን። አቧራውን ጠርጋ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ እኔን አየችኝ።

ዚፑ ይሠራል ወይ አልኳት። ይሠራል አለች። ‹‹እንግዲያው ምን ቀረሽ? ሂጂ›› አልኩ።

አራት ቀን ምላሴን ብይዝ ምን ነበረበት? ሲመጣ ይበልጥ እንዲገርማት ብዬ ነው። መሰለኝ።

እሑድ፣ 24

ትኬት ቆረጠች። ለመጪው እሑድ ነው። ጠረጴዛው ላይ እኔ ማንበብ የምለማመድበት ቦታ አስቀመጠችው። አነበብኩት። መነሻ ይላል፣ መድረሻ ይላል፣ የመቀመጫ ቁጥር 14 ይላል። መመለሻ የሚል የለበትም።

‹‹በመስኮት በኩል ነው?›› አልኳት። አዎ አለች። ‹‹ጥሩ ነው፤ በሰላም ሂጂ።››

ከነገ ወዲያ መኪናዎቹ ይመጣሉ። ትኬት ይቀደዳል፤ ወረቀት ነው።

ማክሰኞ፣ 26

መጡ። ባለ ቁልፉ ራሱ ጋሪው ላይ ተቀምጦ አመጣቸው፤ ለንብረቱ ደኅንነት ነው አለ። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ፣ አራቱን መሬት አስቀምጦ አስፈርሞኝ ሄደ። እኔ ቤቱን ጠረግኩ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ጥጉን ሁሉ ወለወልኩ። ገመዱን እሷ በመቀሷ ትቁረጠው ብዬ አልነካሁትም።

ስትገባ በሩ ላይ ቆመች። ምንድን ነው እነዚህ አለች። ቁረጪው አልኳት። ቆረጠችው። ሸራውን ገፈፈችው።

ታይፕ ነው።

ታይፕ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አቧራ የጠረግኩለት ታይፕ። ጸሐፊዎቹም ታይፕ ነበር የሚሉት፣ አለቆቹም ታይፕ ነበር የሚሉት፣ እኔም ታይፕ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ‹‹የጽሕፈት መኪናውን ጥረጊው›› ብሎኝ አያውቅም። ሌላውን ፍቺው አልኳት። ታይፕ። ሦስተኛውን። ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ልጄ መቀሷን አስቀምጣ መሬት ተቀመጠች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ይህቺ ልጅ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ ስትስቅ የሰማኋት። እኔ አልሳቅኩም። ቆይቼ ትንሽ ሳቅኩ።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ሰሌዳውን፣ ጽሕፈት ቤቱን፣ ምድር ቤቱን። እንባዋን እየጠረገች፣ ‹‹ለምን አላስነበብሽኝም?›› አለች።

‹‹አንቺ ስትሄጂ ማን ሊያነብልኝ ነው? እየተለማመድኩ ነው።››

ሳቋ ቆመ። ‹‹ስድስት መኪና ለምን ፈለግሽ፣ እማዬ?››

‹‹ለጓደኛሽ ‹ምን ይዤ እቀራለሁ› ስትያት ሰማሁ።››

አፏን ከፍታ አየችኝ። ‹‹መኪና መቼ ቸገረኝ? የስፌት ቤቱ ባለቤት ሦስት መኪና በኪራይ ውሰዱ ብሎን ነበር። ጓደኛዬ እንቀጥል ብላ ስትለምነኝ ነው የሰማሽው። ‹ምን ይዤ› ያልኩት፣ እናቴ ሂጂ ሂጂ እያለችኝ በምን አፌ እቀራለሁ ብዬ ነው።››

‹‹ሂጂ ሂጂ አላልኩም።››

‹‹አራት ጊዜ ብለሽኛል።››

አምስት ነው። ደብተሬ ላይ አለ። አላረምኳትም።

ከመሬት ሳትነሳ ቀና ብላ፣ ‹‹አሁንስ ምን ትያለሽ?›› አለችኝ። ጠበቀችኝ።

‹‹ሻይሽ ቀዘቀዘ›› አልኳት።

ረቡዕ፣ 27

ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ያልጨረስኩትን ክፍል ትቼ ወጥቼ አላውቅም። ትናንት ግን የልጄን ጥያቄ ሳልመልስ ትቼ ወጣሁ።

አባቷ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ‹‹አትሂድ›› ብዬዋለሁ። በሩ ላይ ቆሜ፣ ጎረቤት እየሰማ። ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሂጂ ማለት ግን ምንም አያስቸግርም፤ ሂጂ ያሉት ሰው ቢሄድም የታዘዘውን አደረገ እንጂ ጥሎ አልሄደም።

ይህንን ገጽ ልቀደው አስቤ ነበር። ወረቀቱ ያሳዝነኛል።

ሐሙስ፣ 28

ባለ ቁልፉ ርክክቡ ላይ ፊርማ ጎድሏል ብሎ መጣ። የሆነውን ነገርኩት። ባይስቅ ነበር የሚገርመኝ፤ ቁልፎቹ ሁሉ አብረውት ሳቁ። ‹‹ሰማያዊ ሪባን!›› እያለ ጭኑን መታ።

መልሰህ ውሰዳቸው አልኩት። አይሆንም አለ፤ ባሉበት ሁኔታ ነው የተሸጡት። ሲረጋጋ ግን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌዎች እንዳሉ፣ ታይፓቸው ሲሰበር መለዋወጫ እንደማያገኙ፣ ጠይቆ ደህናዎቹን አራቱን ሰኞ እንውሰድ እንዳሉት ነገረኝ። ነጋዴው ያለው ማመልከቻ ቀልድ አልነበረም ማለት ነው። ሰውዬውን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት። ግማሹን።

ሊወጣ ሲል፣ ‹‹ልጅሽስ?›› አለኝ።

‹‹እሑድ ትሄዳለች።››

‹‹ነገርሻት?››

‹‹ምኑን?››

‹‹አንቺ ሴት›› አለኝ፣ ‹‹እኔን ስትሰድቢ ሃያ ዓመት ሙሉ ምላስሽ አንድ ቀን ተሳስሮ አያውቅም።››

ከሄደ በኋላ ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ፊርማዬ ማክሰኞውኑ ነበረበት። ምንም አልጎደለም።

አርብ፣ 29

ስፌት ቤቱ ተዘጋ። ዘፋኟ ልትሰናበት መጣች። ሌላ ሰው ካላገኘሁ ከአንዷ ባልደረባችን ጋር ለሁለት እንከራያለን፣ ሦስተኛውን መኪና እስከ ሰኞ አቆይቼዋለሁ አለች። ይህን ስትል እኔን ነበር የምታየው። እኔ ምን አገባኝ? ባልዲውን ደፋሁ።

ቅዳሜ፣ 30

ሻንጣው ሞልቷል። ዚፑ ይሠራል።

እሑድ፣ 1

ጠዋት ስትነሳ አልጋዋን አነጠፈች። ስድስቱን ታይፕ አንድ በአንድ አንስቼ አልጋዋ ላይ ደረደርኳቸው። ምነው አለች። ወለሉ እርጥብ ነው አልኳት። ወለሉ እርጥብ አልነበረም።

ጣቢያው ጭቃ ነው። ሻንጣዋን ከአውቶቡሱ ላይ ጭነው ሌላ ሃያ ሻንጣ ጫኑበት፣ ሸራ አለበሱት፣ ጠፍረው አሰሩት። ሳመችኝ። እኔም ሳምኳት። ለጉንፋንሽ ተጠንቀቂ ተባባልን፤ ጉንፋን የያዘው ሰው በመካከላችን አልነበረም። ገብታ 14 ቁጥር ላይ ተቀመጠች። እኔ ከመስኮቱ ሥር ቆምኩ። ሞተሩ ተነሳ። ‹‹ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ሂጂ፣ እማዬ›› አለችኝ በመስኮቱ።

ሂጂ አለችኝ። ለካ እንዲህ ነው የሚሰማው።

ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲመጣ እጅጌውን ያዝኩት። ‹‹ትኬት ይመለሳል?›› አልኩት።

‹‹የማን ትኬት?››

‹‹የ14 ቁጥር።››

‹‹አይመለስም፣ እማማ። ልንነሳ ነው፣ ፈቀቅ ይበሉ።››

ልጄ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ‹‹ምን አልሽው?››

‹‹ትኬቱ አይመለስም ይላል።››

‹‹እና?››

ከኋላዬ ሰው ይገፋኛል፣ ረዳቱ እጅጌውን ይጎትታል፣ እኔ አለቅም።

‹‹እና ይቅር›› አልኩ። ‹‹ትኬቱም ይቅር። አንቺም ቅሪ።››

‹‹አልሰማሁም›› አለች።

ሰምታለች። ዓይኗን አይቼዋለሁ፤ በጥቁሩ ጨርቅ ፊት ‹‹እስቲ ድገሚው›› ስትለኝ የነበረው ዓይን ነው። ደገምኩት። ጮክ ብዬ ነው የደገምኩት፤ እስከ ኋላው ወንበር ድረስ ያለ ተሳፋሪ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴትዮ ከውስጥ ‹‹ኧረ ቅሪላት፣ ልጄ፣ እኛም እንሂድበት›› አለች።

ሻንጣዋ ከሁሉም ሥር ነበር። ሸራው ተፈታ፣ የሃያ ሰው ዕቃ ወረደ፣ ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፣ ረዳቱ ከላይ ሆኖ ሲያጉረመርም ሰማሁት። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ ነበረኝ። ዛሬ እጄ ሥራ ይዟል፤ የሻንጣውን አንድ ጆሮ እኔ፣ አንዱን እሷ ይዘን ወጣን።

ቤት እስክንደርስ ስለ ጭቃው ብቻ ነው ያወራነው። መጀመሪያ በዘፋኟ በር በኩል አልፈን ልጄ ሦስተኛዋን መኪና ለሰው እንዳትሰጥ ነገረቻት፤ ዘፋኟ ሳትዘፍን አቀፈቻት። ከዚያ ቤት ገባን። ልጄ መጋረጃውን ገልጣ ቆመች።

‹‹በይ እነዚህን ብረቶች ከአልጋዬ ላይ አንሺልኝ›› አለች።

አንድ በአንድ አነሳኋቸው። አላገዘችኝም። እኔም አላጉረመረምኩም፤ ትንሽ ብቻ።